13 መድኃኒት በአንድ ፌስታል፦ ካንሰር የያዛቸው አረጋውያን መድኃኒት ከየት ይጀመር?

ክሊኒካል_ፋርማሲስት (ውይይቱን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። ለውይይት እንዲመቸን አንድ ዝርዝር አዘጋጅቻለሁ። የአንድ ሰው ታሪክ አይደለም፤ ለማስተማሪያ ያቀናበርኩት ነው። ሆኖም በካንሰር ክፍል የሚሠራ ሁሉ እያንዳንዱን መስመር ያውቀዋል።

እኚህ እናት 78 ዓመታቸው ነው። ከ6 ወር በፊት 59 ኪሎ ነበሩ፤ አሁን 52 ደርሰዋል። የትልቁ አንጀት ካንሰራቸው በቀዶ ጥገና ወጥቷል፤ እንዳያገረሽ ካፔሲታቢን (የሚዋጥ ኬሞ) ሊጀመርላቸው ነው። ግፊት፣ ስኳር፣ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለው የልብ ምት መዛባትና የጉልበት ሕመም አለባቸው። የልብ ቫልቫቸው ደህና ነው። የኩላሊት ሥራ የሚለካበት ክሬቲኒናቸው 1.1 ነው። ግፊታቸው ተቀምጠው ሲለካ 118/64፣ ቆመው ከ3 ደቂቃ በኋላ 94/58 ይሆናል።

ከካፔሲታቢን ሌላ የሚወስዱት ይህ ነው፦

ዋርፋሪን 5 ሚ.ግ ማታ፣ ደም ማቅጠኛ
ኢናላፕሪል 10 ሚ.ግ ጠዋትና ማታ፣ ለግፊት
ሃይድሮክሎሮታያዛይድ 25 ሚ.ግ ጠዋት፣ ለግፊት፣ የሚያሸና
አምሎዲፒን 10 ሚ.ግ፣ ለግፊት
ፎሮሲማይድ 40 ሚ.ግ፣ የሚያሸና፣ እግራቸው ስላበጠ
ሜትፎርሚን 1000 ሚ.ግ ጠዋትና ማታ፣ ለስኳር
ግሊቤንክላሚድ 5 ሚ.ግ ጠዋት፣ ለስኳር
አቶርቫስታቲን 20 ሚ.ግ፣ ለኮሌስትሮል
ኦሜፕራዞል 20 ሚ.ግ፣ የጨጓራ አሲድ የሚቀንስ፣ ለምን እንደተጀመረ የተጻፈ ነገር የለም
አሚትሪፕቲሊን 25 ሚ.ግ ማታ፣ ለእንቅልፍ
ሜቶክሎፕራማይድ 10 ሚ.ግ በቀን 3 ጊዜ፣ ለማቅለሽለሽ፣ ከቀዶ ጥገናው ጀምሮ
ዲክሎፌናክ 50 ሚ.ግ፣ ጉልበታቸውን ሲያማቸው ከፋርማሲ ገዝተው

አምስትና ከዚያ በላይ መድኃኒት መውሰድ ብዙ ጊዜ «ፖሊፋርማሲ» ይባላል። ካንሰር ያለባቸውን አረጋውያን በፍጥነት ለመለየት የምንጠቀምበት ጂ-8 የተባለው መጠይቅም ከ8 ጥያቄዎቹ አንዱ በቀን ከ3 በላይ የታዘዘ መድኃኒት ይወስዱ እንደሆነ ነው። ነገር ግን ቁጥሩን ብቻ ይዞ መቁረጥ ስህተት ነው። ከነዚህ 13 ውስጥ ነገ ጠዋት ቢቋረጥ ለስትሮክ የሚዳርግ አለ፤ ነገ ጠዋት ካልተቋረጠ ደም የሚያፈስም አለ። ስለዚህ ጥያቄዬ የትኛው ቀድሞ፣ የትኛው ተከትሎ ይነካ ነው። ሐሳባችሁን ከነምክንያቱ አስቀምጡ።

ነርስ_ኬሞ_ክፍል

ዝርዝሩን ከመንካታችን በፊት አንድ ነገር ልበል። ይህ ዝርዝር የታዘዘው ነው። የሚዋጠው ሌላ ሊሆን ይችላል።

ቀጠሮ ሲያዝላቸው «ቤት ያለውን መድኃኒት በሙሉ በፌስታል ይዘው ይምጡ» በሏቸው። «መድኃኒትዎን ይዘው ይምጡ» ካልናቸው የሐኪም ማዘዣ ያለውን ብቻ ነው የሚያመጡት። የዓይን ጠብታ፣ ቅባት፣ ቫይታሚን፣ የጉንፋን መድኃኒት፣ ከዘመድ የተቀበሉት፣ ዕፅዋት፣ ያቋረጡት ግን ያልጣሉት ሁሉ ተዘርዝሮ ይነገራቸው። ከዚያ ጠረጴዛ ላይ አንድ በአንድ ይወጣና ስለ እያንዳንዱ ሦስት ነገር ይጠየቃል፦ ይህ ለምንድን ነው? እንዴት ነው የሚወስዱት? መጨረሻ የወሰዱት መቼ ነው? «በትክክል ይወስዳሉ?» ተብሎ አይጠየቅም። ለዚያ ጥያቄ መልሱ ምንጊዜም «አዎ» ነው።

ቀጥሎ ቁጠሩ። ዋርፋሪን 30 ፍሬ ከተሰጣቸው 20 ቀን ከሆነ 10 ፍሬ መቅረት አለበት። 19 ፍሬ ካገኛችሁ በ20 ቀን የወሰዱት 11 ብቻ ነው። አይ.ኤን.አር (የደም መቅጠን መለኪያ) 2.3 ሆኖ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር፤ ግን 2.3 የመጣው በቀን በአማካይ 3 ሚ.ግ ገደማ እየወሰዱ ነው፣ በ5 አይደለም። አልጋ ይዘው በተኙ ጊዜ ነርሷ 5 ሚ.ግ በየማታው ስትሰጣቸው አይ.ኤን.አር በሳምንት ውስጥ ይተኮሳል። የግፊትና የስኳር መድኃኒትም እንዲሁ ነው። ቤት ግማሹን የሚወስድ ሰው ሆስፒታል ሙሉውን ሲሰጠው ይወድቃል። ስለዚህ የሚዋጠው ሳይታወቅ መጠን አይጨመርም፣ አይቀነስም።

ከፌስታሉ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ችግር አንድ መድኃኒት በሁለት የፋብሪካ ስም መገኘቱ ነው። የሳጥኑ ቀለም ስለተለያየ ሁለቱንም ይወስዳሉ። በፋብሪካው ስም ሳይሆን ከሥሩ በትንሹ የተጻፈውን የመድኃኒቱን ስም አንብቡ።

ክሊኒካል_ፋርማሲስት

እናመሰግናለን፣ ይህ ከሁሉም መቅደም ነበረበት። ተቆጥሮ ዝርዝሩ ልክ ሆኖ ተገኘ እንበልና ወደ ኩላሊቱ እንሂድ፤ ከዝርዝሩ ግማሹ የሚወሰነው በእሱ ነውና።

ክሬቲኒን 1.1 በላቦራቶሪ ወረቀት ላይ «ደህና» ተብሎ ያልፋል። ለ78 ዓመት ሴት በ52 ኪሎ ግን ደህና አይደለም። ክሬቲኒን ከጡንቻ ነው የሚመነጨው። ጡንቻው ሲሟሽሽ ኩላሊቱ ቢደክምም ቁጥሩ ከፍ አይልም።

እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው የኮክሮፍት-ጎልት ስሌት ኩላሊት በደቂቃ ምን ያህል እንደሚያጣራ ይገምታል፤ እንዲህ ይሠራል፦ 140 ሲቀነስ ዕድሜ 62። 62 በ52 ኪሎ ሲባዛ 3224። 72 በ1.1 ሲባዛ 79.2። 3224 ለ79.2 ሲካፈል 40.7። ለሴት በ0.85 ሲባዛ 35 ሚሊ ሊትር በደቂቃ ገደማ።

ላቦራቶሪው ራሱ አስልቶ የሚያትመው ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው አዲስ ቀመር 51 አካባቢ ይሆናል። ልዩነቱ ብዙዎችን ያደናግራል። 51 የሚለው አካሉ 1.73 ስኩዌር ሜትር ለሆነ ሰው የተስተካከለ ነው፤ የእኚህ እናት ግን 1.5 ገደማ ነው። የካፔሲታቢን መመሪያ የተጻፈው በኮክሮፍት-ጎልት ነው፤ ከ30 እስከ 50 ከሆነ መጠኑ ወደ 75 በመቶ ይወርዳል፣ ከ30 በታች አይሰጥም። 51 የሚለውን ያነበበ ሙሉ መጠን ያዛል። 35 የሚለውን ያሰላ አንድ አራተኛውን ይቀንሳል። በተቅማጥ አልጋ ላይ በመዋልና በቤት ሕክምናን በመጨረስ መካከል ያለው ልዩነት ይኸው ነው።

በፍሬ ሲቆጠር፦ 1250 ሚ.ግ በስኩዌር ሜትር ቢሆን በአንድ ጊዜ 1875 ሚ.ግ ይመጣል፤ ሦስት አራተኛው 1400 ገደማ። ካፔሲታቢን በ500 እና በ150 ሚ.ግ ይመረታል። ትክክለኛውን ቁጥር ለማግኘት ሲባል ሁለቱን ፍሬ ማደባለቅ አረጋውያንን ያሳስታል። ሐኪሙ ወደ 1500 ካጠጋጋው «ጠዋት 3፣ ማታ 3» ሆኖ በአንድ ዓይነት ፍሬ ያልቃል። እኔ የምመርጠው ይህን ነው።

ክብደትም ይመዘን። የ6 ወር በፊቱን 59 ኪሎ ብናስገባ 39 ይወጣ ነበር፤ መጠኑም የተጋነነ ይሆን ነበር።

የአረጋውያን_ሐኪም

እኔ ቅደም ተከተሉን በሦስት ጊዜ እከፍለዋለሁ። ዛሬ የሚቆም፣ ኬሞው ከመጀመሩ በፊት የሚስተካከል፣ ቀስ ተብሎ የሚወርድ።

ዛሬ የሚቆመው ዲክሎፌናክ ነው። ከዋርፋሪን ጋር ደም ያፈሳል። ከኢናላፕሪልና ከሚያሸኑት ሁለቱ መድኃኒቶች ጋር ሲደመር ደግሞ ኩላሊቱን በሦስት አቅጣጫ ይይዘዋል፦ ዲክሎፌናክ ወደ ኩላሊቱ የሚገባውን ደም ያጠባል፣ ኢናላፕሪል የሚወጣበትን ያሰፋል፣ የሚያሸኑት የሰውነቱን ውኃ ይቀንሳሉ። ኩላሊቱ ግፊት የሚያገኝበት መንገድ ይጠፋል። በዚህ ላይ የካፔሲታቢን ተቅማጥ ከመጣ ክሬቲኒን በቀናት ውስጥ እጥፍ ቢሆን አይገርምም። በምትኩ ጉልበት ላይ የሚቀባው ጄል አለ፤ ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ነው። ፓራሲታሞል ከ500 እስከ 1000 ሚ.ግ በየ8 ሰዓቱ፣ በቀን ከ3 ግራም ሳያልፍ። ዋርፋሪን ላይ እያሉ ፓራሲታሞልን በቀን 2 ግራምና ከዚያ በላይ ለቀናት ከወሰዱ አይ.ኤን.አር ከፍ ስለሚል ይለካ።

ግሊቤንክላሚድም ዛሬ ይቆማል። ጉበት ከፈጨው በኋላም ስኳር የሚያወርድ ቅሪት ይተዋል፤ እሱ የሚወጣው በኩላሊት ነው። ምግብ የቀነሰ፣ 7 ኪሎ የከሳ ሰው በሌሊት ስኳሩ ይወርዳል። አረጋውያን ላይ ደግሞ የሚታየው መንቀጥቀጥና ላብ ሳይሆን መደናገር ነው፤ ያኔ «ካንሰሩ አንጎላቸው ደርሶ ይሆን?» ይባላል። ለእኚህ እናት ኤች.ቢ.ኤ.ዋን.ሲ (የወራት የስኳር አማካይ የሚያሳየው ምርመራ) ከ8 እስከ 8.5 ቢሆን ይበቃል። ሜትፎርሚን ወደ 500 ሚ.ግ ጠዋትና ማታ ይውረድ።

ሜቶክሎፕራማይድም ዛሬ። እ.ኤ.አ. በ2013 የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ቢበዛ ለ5 ቀን፣ በቀን ከ30 ሚ.ግ ሳይበልጥ ብሎ ገድቦታል። ኩላሊቱ ከ60 በታች ለሆነ መጠኑ በግማሽ ይቀነሳል። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ላይ ለሳምንታት ሲወሰድ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የእርምጃ መዝገም፣ የፊት መድረቅ ያመጣል። ያንን ያየ ሌላ ሐኪም የፓርኪንሰን መድኃኒት ያዝዛል። መድኃኒት መድኃኒትን ወለደ ማለት ይኸው ነው።

የደም_ሕክምና

በዋርፋሪኑ ላይ መዘግየት የለብንም። ካፔሲታቢን ዋርፋሪንን የሚፈጨውን የጉበት ኢንዛይም ይይዘዋል። የዋርፋሪኑ ኃይለኛ ክፍል በደም ውስጥ በ57 በመቶ ከፍ እንደሚል በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ ተጽፏል። አደገኛው ነገር ጊዜው ነው፦ ከጥቂት ቀናት እስከ ወራት ሊዘገይ ይችላል፣ ካፔሲታቢን ከቆመ በኋላም እስከ አንድ ወር ድረስ ደም መፍሰስ ታይቷል። ስለዚህ «የመጀመሪያው ዙር በሰላም አለፈ» ብሎ መዘናጋት አይገባም።

ዕድሜያቸው፣ ሴትነታቸው፣ ግፊቱና ስኳሩ ሲደመር የስትሮክ ነጥባቸው 5 ነው። ደም ማቅጠኛ አይቋረጥም፣ ይቀየራል። እኔ አፒክሳባን የተባለውን ሌላ ደም ማቅጠኛ እመርጣለሁ። ዋርፋሪን ይቆማል፣ አይ.ኤን.አር ከ2 በታች ሲሆን አፒክሳባን ይጀመራል፤ ሁለቱ ለአንድ ቀንም አይደራረቡም። ይህ የሚሆነው ቫልቫቸው ደህና ስለሆነ ነው። የብረት ቫልቭ ያለበት ወይም ሚትራል ቫልቩ በመካከለኛ ደረጃም ቢሆን የጠበበ ሰው ዋርፋሪን ላይ ይቆያል።

መጠኑ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «አረጋዊት ናቸው፣ ቀጭን ናቸው» ተብሎ 2.5 ሚ.ግ ይታዘዛል። የሚቀነሰው ከሦስቱ ሁለቱ ሲሟሉ ነው፦ ዕድሜ 80 እና በላይ፣ ክብደት 60 ኪሎና በታች፣ ክሬቲኒን 1.5 እና በላይ። እኚህ እናት ያሟሉት ክብደቱን ብቻ ነው። ስለዚህ 5 ሚ.ግ ጠዋትና ማታ። 80 ዓመት ሲሞላቸው ወደ 2.5 ይወርዳል፤ ቀኑ ከአሁኑ ካርዳቸው ላይ ይጻፍ።

የአረጋውያን_ሐኪም

በዚህ እስማማለሁ፤ ግን አፒክሳባን የማይገኝበት ቦታ ለሚያነቡን አንድ ነገር ይጨመር። ዋርፋሪን ላይ የሚቆዩ ከሆነ አይ.ኤን.አር ከካፔሲታቢን በፊት፣ በመጀመሪያው ዙር በ7ኛውና በ14ኛው ቀን፣ ከዚያም በየሳምንቱ፣ ካበቃ በኋላም ለአንድ ወር ይለካ። ይህን ማድረግ የማይቻል ከሆነ ካፔሲታቢንና ዋርፋሪን አብረው መሰጠታቸው ራሱ እንደገና ይታሰብበት።

ኦሜፕራዞልንም ዛሬ አቁመን አንድ ፍሬ እንቀንስ የሚል ይኖራል። ምክንያቱ አልተጻፈም፣ ዲክሎፌናክም ቀርቷል።

የደም_ሕክምና

እዚህ ላይ አልስማማም። 78 ዓመት፣ ደም ማቅጠኛ፣ ሲዋጥ የኖረ ዲክሎፌናክ፣ ሊጀመር ያለ ኬሞ። ጨጓራቸው ቁስል ይኑረው አይኑረው አናውቅም። ድንገት ሲቆም ደግሞ አሲዱ ከበፊቱ በልጦ ይመለሳል፤ ቃሩን የኬሞው ነው ብለን ሌላ መድኃኒት እንጨምራለን።

ክሊኒካል_ፋርማሲስት

ኦሜፕራዞል ይቆይ በሚለው እስማማለሁ፤ ነገር ግን ምክንያቱና የሚገመገምበት ቀን ይጻፍ። ካፔሲታቢንን ያዳክማል ወይስ አያዳክምም የሚለው መረጃ እርስ በርሱ ይጋጫል። በሌሎች ላይ ግን ግልጽ ነው፦ ኤርሎቲኒብና ዳሳቲኒብ የተባሉት የካንሰር ፍሬዎች አሲድ ከሌለ በደንብ አይሟሙም፤ ከኦሜፕራዞል ጋር ከተወሰዱ ከሚገባው በታች ነው ወደ ደም የሚገቡት። የእነዚህ ተጠቃሚ ከሆነ ውይይቱ ሌላ ነው። የሚቆምበት ጊዜ ሲደርስ ለ2 እስከ 4 ሳምንት በቀን አልፎ ቀን ተደርጎ ይወርዳል።

አስታማሚ_ልጅ

ባለሙያ አይደለሁም፤ ቤት ውስጥ መድኃኒት የሚያስወስድ ሰው ነኝ። ሳይገባኝ የቀረው፦ የኬሞውን ፍሬ በሳምንቱ የመድኃኒት ሳጥን ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ማድረግ ይቻላል? አንድ ሰዓት ካለፈስ? ወስደውት ወዲያው ቢያስታውኩስ? ከዚህ ያነበብኩትን ይዤ ዲክሎፌናኩን ማስቆም እችላለሁ?

ነርስ_ኬሞ_ክፍል

ጥያቄዎችዎ ትክክለኛዎቹ ናቸው። በየተራ ልመልስ።

የኬሞው ፍሬ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም። በራሱ ዕቃ፣ ለብቻው፣ ልጆች በማይደርሱበት ይቀመጥ። በጓንት ወይም ወደ ክዳኑ አራግፈው ሳይነኩት ይስጡ፤ በኋላ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። አይሰበር፣ አይፈጭ፣ ውኃ ውስጥ አይሟሟ። መዋጥ ካቃታቸው ለክፍሉ ይነገር እንጂ ቤት ውስጥ አይደቆስ። ቀስ ብለው የሚለቁ የሞርፊን ፍሬዎችም እንዲሁ አይደቆሱም፤ ከተደቆሱ የ12 ሰዓቱ መጠን በአንድ ጊዜ ይለቀቃል።

ካፔሲታቢን ምግብ በተበላ በ30 ደቂቃ ውስጥ በውኃ ይወሰዳል። 14 ቀን ይወሰድና 7 ቀን እረፍት ነው። አደጋው የሚመጣው በ15ኛው ቀን ነው፤ ፍሬ ከተረፈ «አይባክን» ተብሎ ይቀጠላል። ስለዚህ በግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ላይ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ቀን ያክብቡ፣ ከዚያ በኋላ ያሉትን 7 ቀናት በእስክሪብቶ ይሰርዟቸው፣ በየቀኑም ምልክት ያድርጉ። የተረፈ ፍሬ ካለ ወደ ክፍሉ ይመለሳል፤ የተረፈው ቁጥር ራሱ የሚነግረን ነገር አለ።

ሰዓቱ ካለፈ ይታለፋል፤ ቀጣዩ በሰዓቱ ይወሰዳል። ሁለት ጊዜ የሚወሰደውን አንድ ላይ ማድረግ ክልክል ነው። ካስታወኩም አይደገምም፤ ምን ያህሉ እንደገባ አይታወቅምና።

ዲክሎፌናኩን በተመለከተ ዛሬ ይደውሉና «ደም ማቅጠኛ እየወሰዱ ዲክሎፌናክ ይወስዳሉ» ብለው ይንገሩ። ሐኪም ሳያዝዝ የገዙትን የሕመም ማስታገሻ እስኪመልሱልዎ መተው ይችላሉ። ሌላውን ማንኛውንም ግን ከሐኪሙ ሳይነጋገሩ አያቋርጡ፤ ከልብና ከደም ማቅጠኛ መድኃኒት ጀምሮ ድንገት ሲቆም የሚጎዳ ብዙ ነው።

አንድ ተጨማሪ። ፓራሲታሞል ከመስጠትዎ በፊት ሁልጊዜ ሙቀት ይለኩ። ኬሞ ላይ ያለ ሰው 38 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ያው ሌሊት ይደወላል። ፓራሲታሞሉ ከቀደመ ትኩሳቱ ይወርዳል፤ ኢንፌክሽኑ ግን ይቀጥላል። የጉንፋን መድኃኒቶች ብዙዎቹ ፓራሲታሞል ስላላቸው በእነሱም ያው ነው።

የአረጋውያን_ሐኪም

አስታማሚው ስለሚያነብ የተቅማጥ ቀኑን ሕግ ልጨምር፤ ለማቀዝቀዣው በር የሚለጠፍ ነው። ሰገራ በቀን ከወትሮው 4 ጊዜና ከዚያ በላይ ጨምረው ከተቀመጡ፣ ወይም በሌሊት ከቀሰቀሳቸው፦ ካፔሲታቢን ይቆማል፣ ክፍሉ ይደወልለታል። ያን ቀን ኢናላፕሪል፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ፎሮሲማይድና ሜትፎርሚንም ይቆማሉ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ሰውነት ውኃ ባጣበት ቀን ኩላሊትን ይጎዳሉ፤ ሜትፎርሚን ደግሞ በደም ይጠራቀማል። በደንብ መብላትና መጠጣት ከጀመሩ ከ24 እስከ 48 ሰዓት በኋላ ይመለሳሉ፤ ካፔሲታቢን ግን ሐኪሙ ካልፈቀደ አይመለስም። ይህ ሕግ አስቀድሞ በሐኪማቸው ተፈርሞ መሰጠት አለበት እንጂ በተቅማጡ ሌሊት የሚፈጠር አይደለም።

ቀስ ብሎ ወደሚወርደው ልሂድ። ይህ ዝርዝር ሰንሰለት አለበት። አምሎዲፒን 10 ሚ.ግ እግር ያሳብጣል፤ ደም ወደ ትንንሾቹ ሥሮች ገብቶ ፈሳሹ ወደ ቲሹ ስለሚወጣ እንጂ ውኃ በዝቶባቸው አይደለም። እብጠቱን ለማስወገድ ፎሮሲማይድ ተጨመረ። ፎሮሲማይዱ ፖታስየም ያወርዳል፣ ያሸናቸዋል፤ ማታ ከወሰዱት ሌሊት ያስነሳቸዋል። ሌሊት ስለሚነሱ እንቅልፍ አጡ፤ አሚትሪፕቲሊን ተጨመረ። አሚትሪፕቲሊን አፍና ሆድ ያደርቃል፣ ሽንት ይይዛል፣ ሲነሱ ያዞራል። ተነስተው ሲወድቁ ደግሞ ደም ማቅጠኛ ላይ ናቸው።

ሲቆሙ ግፊታቸው በ24 ነው የወረደው፤ 20 ከደረሰ ችግር ነው። ስለዚህ ሰንሰለቱ የሚፈታው ከጫፉ ሳይሆን ከሥሩ ነው። መጀመሪያ እብጠቱ በአንድ እግር ብቻ አለመሆኑ ይታይ፤ በካንሰር ታማሚ የአንድ እግር እብጠት የደም መርጋት አለመሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ አይታለፍም። የልብ ድካምም አለመኖሩ ይረጋገጥ። ከዚያ አምሎዲፒን ወደ 5 ሚ.ግ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ ዜሮ። እብጠቱ ሲቀንስ ፎሮሲማይድ ይከተላል። ሃይድሮክሎሮታያዛይዱ ከዚያ በኋላ ይታያል።

ክሊኒካል_ፋርማሲስት

አሚትሪፕቲሊን 25 ሚ.ግ ወደ 10 ለሁለት ሳምንት፣ ከዚያ ማቆም። በአንድ ቀን ከቆመ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ያመጣል፤ ማቅለሽለሹን ደግሞ የኬሞው ነው እንላለን። ፎሮሲማይዱን ጠዋት ብቻ ማድረጉ ግን ዛሬውኑ ይቻላል፤ ብዙ ጊዜ እንቅልፉ በዚህ ብቻ ይሻሻላል።

ቀስ ተብለው ለሚወርዱት ደንቡ አንድ በአንድ ነው፤ በመካከላቸው ቢያንስ አንድ ሳምንት። ሁለቱን አብረን ካነሳን የተፈጠረው ነገር ከየትኛው እንደሆነ አይታወቅም። የሚያስቸግረው ኬሞው በ10 ቀን ውስጥ የሚጀመር መሆኑ ነው። ስለዚህ አምሎዲፒንንና አሚትሪፕቲሊንን መቀነስ ከኬሞው በፊት ይጀመር፤ በመጀመሪያው ዙር 14 ቀናት ግን ምንም አይነካ፣ ያላለቀው ቅነሳም ይጠብቅ። ያ ጊዜ የካፔሲታቢንን ጉዳት ለይተን የምናይበት ነው።

ለማቅለሽለሹ ካፔሲታቢን ብዙ ስለማያስታውክ በየቀኑ የሚወሰድ መድኃኒት አያስፈልግም። ሲያስፈልግ ኦንዳንሴትሮን 4 እስከ 8 ሚ.ግ ይበቃል። ሁለት ነገር ይታይ፦ ሆድ ያደርቃል፤ የልብን የኪው-ቲ ርዝመት (በኢ.ሲ.ጂ፣ በልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ፣ የሚለካ ጊዜ) ይጨምራል። አሚትሪፕቲሊኑም ያንኑ ስለሚያደርግና የሚያሸኑት መድኃኒቶች ፖታስየም ስለሚያወርዱ፣ ፖታስየምና ኢ.ሲ.ጂ ሳይታይ አይሰጥ።

ማስታገሻ_ሕክምና

ስለ አቶርቫስታቲን ማንም አልተናገረም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ጥናት በጠና የታመሙ፣ ከአንድ ወር እስከ አንድ ዓመት የሚኖሩ ተብለው የተገመቱ 381 ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ የአንዱን ወገን ስታቲን (የአቶርቫስታቲን ዓይነት መድኃኒት) አቁሟል። በ60 ቀን ውስጥ በሞቱት ቁጥር ላይ ጉልህ ልዩነት አልታየም፤ ያቆሙት ሰዎች የኑሮ ሁኔታ እንዲያውም የተሻለ ነበር። ነገር ግን ይህ ለእኚህ እናት አይሠራም። ካንሰራቸው ወጥቷል፣ ለዓመታት እንዲኖሩ ነው የምናክማቸው። ስለዚህ ይቆያል። ካንሰሩ የተሰራጨ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የማነሳው ይህን ነበር፤ ጥቅሙ የሚመጣው ከዓመታት በኋላ ነውና።

ሕመማቸው በፓራሲታሞል ካልበረደ ትራማዶል ለማዘዝ አትቸኩሉ። ከአሚትሪፕቲሊን ጋር ሴሮቶኒን ያበዛል፣ የሚጥል በሽታ ሊያስነሳ፣ ሶዲየም ሊያወርድ ይችላል። ትንሽ መጠን ያለው ኦፒዮይድ (የሞርፊን ዓይነት ማስታገሻ) ይሻላል፤ በ35 ኩላሊት ግን ሞርፊን ቅሪቱ ስለሚጠራቀም ከወትሮው በግማሽ መጠን፣ ሰዓቱን አራርቆ። የሆድ ማለስለሻው ከመጀመሪያው ፍሬ ጋር አብሮ ይታዘዝ፤ ሰውነት ለማቅለሽለሹ ይለምዳል፣ ለድርቀቱ ግን አይለምድም። ካፔሲታቢን ተቅማጥ ሲያመጣ ማለስለሻው ይቆማል፤ ይህም በማቀዝቀዣው ወረቀት ላይ ይግባ።

ነርስ_ኬሞ_ክፍል

ዕፅዋቱንም አንርሳ። የቅዱስ ዮሐንስ አበባ የሚባለው ለድብርት የሚሸጠው ዕፅ ጉበት መድኃኒት የሚፈጭበትን ፍጥነት ይጨምራል፤ ኢሪኖቴካንና ኢማቲኒብ የተባሉትን የካንሰር መድኃኒቶች ያዳክማል፣ አፒክሳባንንም እንዲሁ። ነጭ ሽንኩርትና ጊንኮ በእንክብል ሲሆኑ ደም ማቅጠኛ ላይ ይጨምራሉ። ስንጠይቅ ካሳፈርናቸው ይደብቁናል። «ምን የሚረዳዎት ነገር አለ?» ብሎ መጀመር ይሻላል።

አስታማሚ_ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ሦስት ሐኪም ጋ ነው የምንሄደው። ዝርዝሩን ማን ይያዘው?

ክሊኒካል_ፋርማሲስት

አንድ ወረቀት፣ አንድ ባለቤት። ወረቀቱን የሚይዙት እርስዎ ነዎት፤ የሚያርመው ግን አንድ የተመረጠ ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ነው፣ ስሙና ስልኩ ከላይ ይጻፍ። የልብ ሐኪሙ ሲቀይር ወረቀቱ ላይ በእጁ ይጽፋል፤ እርስዎ ለተመረጠው ሰው ይደውላሉ።

ዓምዶቹ ስድስት ይሁኑ፦ የመድኃኒቱ ስም (የፋብሪካው ሳይሆን)፣ መጠንና ሰዓት፣ ለምን፣ ማን አዘዘው፣ መቼ ተጀመረ፣ መቼ ይገመገማል። «ለምን» የሚለው ባዶ የሆነበት መስመር በቀጣዩ ቀጠሮ የመጀመሪያው ጥያቄዎ ይሁን። ከታች ሌላ ክፍል ይኑረው፦ የቆሙ መድኃኒቶች፣ ቀኑና ምክንያቱ። ይህ ከሌለ ዲክሎፌናክ በሚቀጥለው ወር በሌላ ሐኪም ተመልሶ ይታዘዛል። ለእኚህ እናት ያ ክፍል እንዲህ ይነበባል፦

ዲክሎፌናክ፦ ቆሟል፣ ደም ማቅጠኛና ኩላሊት። አይመለስ።
ግሊቤንክላሚድ፦ ቆሟል፣ ስኳር በሌሊት ይወርዳል። አይመለስ።
ሜቶክሎፕራማይድ፦ ቆሟል፣ ከ5 ቀን በላይ ተወስዷል።
ዋርፋሪን፦ በአፒክሳባን ተተክቷል፣ ከካፔሲታቢን ጋር ስለሚጋጭ። ቤት የቀረው ፍሬ ወደ ፋርማሲ ይመለስ።

የመጨረሻዋን መስመር አይዝለሏት። የቆመ ዋርፋሪን መሳቢያ ውስጥ ከቀረ አንድ ማታ ከአፒክሳባኑ ጋር ይዋጣል።